ስታዲየም እንከራይ ወይስ እንሥራ? ከአንድ የክለብ ቦርድ አባል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ የሚገኝ የእግር ኳስ ክለብ የቦርድ አባል ነኝ። ክለባችን በከፍተኛ ሊግ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ባለው ውድድር፣ ይጫወታል። እስከ ዛሬ የከተማውን ስታዲየም ያለ ክፍያ፣ በደብዳቤ ብቻ ስንጠቀም ቆይተናል። አሁን የከተማ አስተዳደሩ «ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ጀምሮ ኪራይ ትከፍላላችሁ፣ የ10 ዓመት ውል እንፈራረም» ብሎናል። አንድ ባለሀብት ደጋፊያችን ደግሞ «ለምን ኪራይ ትከፍላላችሁ? ከከተማው ዳር ከገበሬዎች 4 ሄክታር መሬት ልግዛላችሁ፤ የራሳችሁን ስታዲየም ሥሩ፤ የጎደለውን ከባንክ ተበደሩ» ይለናል። ቦርዱ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ወደ መሥራቱ አደላለሁ። ከሕግ አንጻር የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሳላንዛዛ መልሱን ላስቀድም። ተከራዩ። ግን አስተዳደሩ ያቀረበላችሁን ውል እንዳለ አትፈርሙ። የባለሀብቱን ገንዘብ በደስታ ተቀበሉ፤ መሬት የመግዛት ሐሳቡን ግን በምስጋና መልሱለት። እርስዎ ወደ መሥራቱ እንደሚያደሉ ስለነገሩኝ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

ከገበሬው መሬት እንጀምር፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ያርስበታል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፣ የገጠር መሬት ሕጉ በሚፈቅደው ገደብ ለተወሰነ ጊዜ ያከራየዋል። ሊሸጠው ግን አይችልም። ስለዚህ ባለሀብቱ «ገዛሁ» ብሎ የሚያመጣው ወረቀት በሽማግሌ ፊት ቢፈረም፣ አሥር ምስክር ቢደረደርበትም ዋጋ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ሕግ የሚከለክለውን ነገር መሠረት ያደረገ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ውጤቱ ተዋዋዮቹን ወደነበሩበት መመለስ ነው። ገበሬው መሬቱን ይወስዳል፣ ገንዘቡን ይመልሳል ይባላል። ገንዘቡ ግን እስከዚያ ድረስ ቤት ተሠርቶበታል ወይም ልጅ ተድሮበታል። አሥር ገበሬ ማለት ደግሞ አሥር ክስ ነው።

«ሁሉም ሰው እየገዛ አይደል እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በየከተማው ዳር ደላላ ሲያገበያይ ይውላል። ግለሰብ በጨረቃ ቤት ሠርቶ ለጥቂት ዓመታት ዐይን ሳይገባ ሊኖር ይችላል። ስታዲየም ግን አይደበቅም። ገና መሠረቱ ሲቆፈር ደንብ አስከባሪ ይመጣል። ያለ ፈቃድና ያለ ካርታ የፈሰሰ ኮንክሪት ሲፈርስ ካሳ የሚከፍል የለም።

ሕጋዊው መንገድ ሌላ ነው፤ ረጅምም ነው። መሬቱ ወደ ከተማው ክልል ከተካተተ፣ አስተዳደሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ከገበሬዎቹ ያስለቅቃል። ካሳ ይከፍላል፣ ተነሺዎቹን መልሶ ያቋቁማል። ከዚያ በኋላ ነው መሬቱ በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለተጠቃሚ የሚተላለፈው። በሊዝ ሕጉ ሁለት በሮች አሉ፦ ጨረታና ምደባ። 4 ሄክታር በጨረታ ለማሸነፍ ከሪል እስቴት አልሚ ጋር መፎካከር ማለት ነው፤ ለእናንተ እሱን እርሱት። የሚሻለው ምደባ ነው። ምደባ ግን በካቢኔ ውሳኔ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሕጉ ዘርዝሮ ላስቀመጣቸው አገልግሎቶች ብቻ ነው። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም አንዱ ነው። ልዩ አገራዊ ፋይዳ ያለው ፕሮጀክትም ሌላው ነው። የእናንተ ክለብ ከየትኛው ይመደባል? የሚወሰነው ክለቡ በሕግ ዐይን ምን ዓይነት ድርጅት ነው በሚለው ላይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ ሊዙ ደስ የሚል ነገርም አለ። ለስፖርት አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ ረጅም ነው። በአዋጁ መሠረት በአዲስ አበባ እስከ 90 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ «የራሳችን ስታዲየም» ሲባል በአገራችን ሕግ መሬቱን በሊዝ ይዞ ሕንፃውን በባለቤትነት መያዝ ማለት ነው። ይህ ደግሞ አያሳፍርም። የጣልያኑ ጁቬንቱስ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተውን ከ41 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም የሠራው ከቱሪን ከተማ ለ99 ዓመት ባገኘው የመሬት መጠቀም መብት ላይ ነው። መሬቱ የከተማው ነው፣ ሕንፃው የክለቡ። ጁቬንቱስ ሊሠራ የቻለው መሬት ስለገዛ ሳይሆን ጠንካራ ውል በእጁ ስለነበረ ነው።

እንበልና መሬቱን አገኛችሁ። ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የሊዝ ውል ግንባታ የሚጀመርበትን ቀን ይወስናል፣ የሚጠናቀቅበትንም እንዲሁ። አዋጁ ለከባድ ግንባታ የሚሰጠው የማጠናቀቂያ ጊዜ እስከ 48 ወር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚራዘመው ውስን ነው። ካለፈ ውሉ ሊቋረጥ፣ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል። አራት ዓመት ለአንድ ክለብ ብዙ ይመስላል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም የመንግሥት ገንዘብ ከኋላው እያለ ስንት ዓመት እንደተጓተተ ሁላችንም አይተናል። ሲሚንቶና ብረት በየወሩ ዋጋ በሚቀይሩበት አገር አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ «በ48 ወር እጨርሳለሁ» ብሎ ቢፈርም፣ ፈራሚው እኔ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ባንኩ። ባለሀብቱ «የጎደለውን ተበደሩ» ማለቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ባንክ የሊዝ መብቱንና በላዩ ያለውን ግንባታ በመያዣ ይይዛል። የሊዝ መብት ደግሞ በመያዣ የሚያዘው በከፈላችሁት የሊዝ መጠን ልክ ነው፤ ገና 10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብቻ የከፈለ ክለብ ይዞ የሚቀርበው ዋስትና ትንሽ ነው። ብድሩ ቢገኝና መክፈል ቢያቅታችሁስ? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ኪራይ ያልከፈለ ክለብ ከስታዲየም ይወጣል፣ ዕዳውም ይከተለዋል፤ ግን ሌላ ሜዳ ፈልጎ ይጫወታል። የባንክ ዕዳ ያልከፈለ ክለብ ስታዲየሙንም፣ እስከዚያ የከፈለውንም ያጣል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ቦርዶች አያስቡትም። የሕንፃ ባለቤት መሆን ኃላፊነት ያመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 ሕንፃ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ይላል፤ አደጋው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ማለት አያድንም። በደርቢ ቀን የተጨናነቀ መቀመጫ ቢደረመስ ወይም አጥር ቢወድቅ የመጀመሪያው ተከሳሽ ክለቡ ነው። ክለቡ በበኩሉ ወደ ተቋራጩ መዞር ይችላል፤ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ያ መብት ግን ዋጋ የሚኖረው ተቋራጩ በ9ኛው ዓመት በሕይወት ካለና ንብረት ካለው ነው። ስለዚህ የምትሠሩ ከሆነ ኢንሹራንስን የመጨረሻ ገጽ ላይ አትጣሉት።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ብትሠሩ ደግሞ፣ ገቢው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ከሕግ ትንሽ ልውጣ፤ ምክንያቱም ውሉን የሚወስነው ይህ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ ተመርጠው በተዘጋጁ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ አይተናል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ክለቡ የራሱ ሜዳ ኖረውም አልኖረው ሊጉ ባለበት ከተማ ሄዶ ይጫወታል። እናንተ ደግሞ የምትመኙት ወደዚያ ሊግ ማደግ ነው። ያደጋችሁ ዕለት የራሳችሁ ስታዲየም ባዶ ሊቀር ይችላል። የትኬት ገቢ ሳይኖር የባንክ ወለድ ይቆጥራል። ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ወደሚጫወትበት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ስታዲየም የትርፍ ምንጭ ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የደረጃ ጉዳይም አለ። ሣርና መቀመጫ ያለው ሁሉ ስታዲየም አይባልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የመልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የመብራት፣ የነጠላ መቀመጫ፣ የመገናኛ ብዙኃን ቦታ መስፈርት አለው። ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ያስተናገደው የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ ከሚባሉት የታወቁ የደጋፊ መቀመጫዎቹ ጋር፣ ለአህጉራዊ ጨዋታ ብቁ አይደለም ተባለ። ባሕር ዳርም ታገደ። ብሔራዊ ቡድናችን በኅዳር 2014 ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ነው። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍም የጨፈርነው በቴሌቪዥን ነበር፤ ሜዳው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። የመንግሥት ስታዲየሞች ያላለፉትን ፈተና አንድ ክለብ በብድር ገንዘብ ያልፋል ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

እንግዲህ ወደ ኪራዩ። ቀላል የሚመስለው ይህኛው ነው፤ እኔ ግን አብዛኛውን ድካሜን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ እመክራለሁ።

እስከ ዛሬ በደብዳቤ ስትጠቀሙ ቆይታችኋል። ያ ደብዳቤ መብት አይደለም፤ መልካም ፈቃድ ነው። ኃላፊው በተቀየረ ማግሥት ይቀየራል። የ10 ዓመት ውል መምጣቱ ስለዚህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ እንዲያውም ዕድል ነው። ነገር ግን አስተዳደሩ የመንግሥት አካል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1724 መንግሥትን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ይህ ካልሆነ በአንቀጽ 1720 መሠረት በእጃችሁ ያለው ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው። ከንቲባውና የክለቡ ፕሬዚዳንት በስታዲየሙ መሐል ቆመው፣ በካሜራ ፊት፣ እየተጨባበጡ የፈረሙት ወረቀት እንኳ። እንዲህ ያለ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ውሉን ግን ሳያስመዘግቡ የቀሩ ብዙ ናቸው።

ምዝገባው ሌላም ጥቅም አለው። ከ5 ዓመት በላይ የሚቆይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ በመዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገንን ለመቃወም አያገለግልም። ነገ ስታዲየሙ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዞር ወይም ለአንድ ኩባንያ በአስተዳደር ቢሰጥ «እኛ ውል አለን» ለማለት ምዝገባው ያስፈልጋችኋል። እግረ መንገዴን፣ አንዳንድ ሰው አዲሱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ እየጠቀሰ «ኪራይ በፈለጉት መጠን መጨመር አይችሉም» ይላል። ያ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ነው። ስታዲየምን አይመለከትም። የእናንተን የኪራይ ጭማሪ የሚገድበው ውላችሁ ብቻ ነው።

አስተዳደሩን እንደ ተራ አከራይ አትዩት። እንዲህ ዓይነት ውል የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ውል ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ከሕዝብ አገልግሎት ጋር ምን ያህል የተያያዘ ነው፣ ተዋዋዮቹስ ምን ብለው ሰየሙት የሚለው ይታያል። እንደዚያ ከተወሰደ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3131 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ይሠራሉ፤ እነሱም ለመንግሥት ወገን ያደላሉ። ውሉ ለሕዝብ አገልግሎቱ የማይጠቅም ሆኗል ከተባለ እናንተ ምንም ሳታጠፉ ሊቋረጥ ይችላል። ክርክሩን በግልግል ዳኝነት እንጨርሰው ማለትም አያዋጣም፤ የግልግል ዳኝነት አዋጁ፣ ቁጥር 1237/2013፣ ሕግ በተለየ ካልፈቀደ በቀር የአስተዳደር ውልን ለግልግል ከማይቀርቡ ጉዳዮች ይደምረዋል። ስለዚህ ውላችሁ ውስጥ ያለ ጥፋታችሁ ቢቋረጥ ምን ያህል ካሳ እንደሚከፈል፣ ምን ያህል ቅድመ ማስታወቂያ እንደሚሰጥ በቁጥር ይጻፍ። «በሕግ መሠረት» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን ምንም አታድናችሁም።

ኪራዩ ራሱ እንዴት ይቆጠር? በዓመት አንድ ቁርጥ ያለ ገንዘብ እንዳትፈርሙ። ዝቅተኛ መነሻና ከትኬት ገቢ የመቶኛ ድርሻ ቢሆን ይመረጣል። ደጋፊ ከመጣ ሁለታችሁም ታገኛላችሁ፤ ካልመጣ ደግሞ ክለቡ አይታነቅም። ከዚያ በላይ ግን ሁለት አንቀጾች ላይ ድርድሩን አጥብቁ። ሊጉ ወይም ፌዴሬሽኑ ጨዋታችሁን ወደ ሌላ ከተማ ካዛወረ ኪራዩ ለዚያ ጊዜ ይቁም። ክለቡ ወደ ታች ከወረደም ኪራዩ አብሮ ይውረድ።

ለምን እንደዚህ እንደምጨነቅ በአንድ የእንግሊዝ ክለብ ላስረዳዎት። ኮቨንትሪ ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ የኖረበትን ሜዳ ትቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አዲስ ስታዲየም ገባ። አዲሱን ስታዲየም የያዘው ድርጅት የክለቡ ሳይሆን የከተማው ምክር ቤትና የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ክለቡ ተከራይ ሆነ። ኪራዩ በዓመት ወደ 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ቁርጥ ያለ። ከትኬት ውጭ ያለው ገቢ፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ መኪና ማቆሚያው፣ በአብዛኛው ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ክለቡ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ገቢው ወረደ፣ ኪራዩ ግን ቦታው ላይ ቆመ። መክፈል አቆሙ፤ ክስ ተከተለ። እ.ኤ.አ. የ2013/14ን ውድድር ዓመት ከከተማቸው ወጥተው ኖርዝሃምፕተን ሄደው ተጫወቱ። ደጋፊው ተከፋ፣ ሜዳው ባዶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስታዲየሙን የያዘው ድርጅት ለአንድ የራግቢ ክለብ ተሸጠ። ኮቨንትሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ደግሞ በርሚንግሃም ሄደው በስደት ተጫወቱ። የራግቢው ክለብ ራሱ ከሰረ፣ ስታዲየሙ ወደ ሌላ ነጋዴ ዞረ። ክለቡ ስታዲየሙን በእጁ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከገባበት 20 ዓመት በኋላ።

ይህን ታሪክ አንብቦ «ስለዚህ የራስ ስታዲየም ይሻላል» የሚል ይኖራል። እኔ ከዚህ የማነበው ሌላ ነው። ኮቨንትሪ የተጎዳው ስለተከራየ ሳይሆን መውረድን ያላሰበ፣ ሌላውን ገቢ ለሌላ የለቀቀ፣ ስታዲየሙ ወደ ሌላ እጅ ሲዞር ያላዳነው ውል ውስጥ ስለነበረ ነው። ሦስቱም በድርድር የሚገኙ ናቸው። እናንተም ሦስቱን ጠይቁ፦ ክለቡ ሲወርድ የሚወርድ ኪራይ፣ ከሌላው ገቢ ድርሻ፣ ስታዲየሙ ሲሸጥ ቅድሚያ የመግዛት መብት።

ስለ ሌላው ገቢ ትንሽ ልጨምር። በእኛ ስታዲየሞች ዙሪያና ከመቀመጫው ሥር ያሉት ሱቆች፣ ካፌዎች፣ ግሮሰሪዎች ከኳሱ የበለጠ ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ። ኪራያቸውን የሚሰበስበው አስተዳደሩ ነው። ለክለቡ የሚቀረው የ90 ደቂቃ ጩኸት ነው። ሙሉውን ባታገኙ በጨዋታ ቀን ከሚገኘው ገቢ፣ ከመኪና ማቆሚያና በሜዳው ዙሪያ ከሚቆሙ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ድርሻ ጠይቁ። የማስታወቂያውን በተለይ በጥንቃቄ ጻፉት። ክለቡ የራሱ ስፖንሰር ይኖረዋል፤ አስተዳደሩ ለተፎካካሪው ድርጅት ሰሌዳ ቢያከራይ ስፖንሰራችሁ ይሸሻል። ሊጉም የራሱ የንግድ መብቶች ስላሉት «ከውድድሩ ደንብ ጋር በማይጋጭ ሁኔታ» የሚል ሐረግ ይግባ።

የአጠቃቀም ቀኖቹም ይቆጠሩ። የሕዝብ በዓል፣ ኮንሰርት፣ የሃይማኖት ጉባኤ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር፤ ሁሉም እዚያው ነው። ቅዳሜ ማታ መድረክ ተተክሎበት እሑድ ኳስ የሚጫወቱበት ሣር አይኖርም። ከጨዋታ በፊት ስንት ቀን ሜዳው ለሌላ ዝግጅት እንደማይሰጥ ይጻፍ። ሣሩን ማን ያጠጣል፣ ማን ያጭዳል፣ የመብራት ቆጣሪው በማን ስም ነው፣ ይህም ይጻፍ። የሕንፃው ዋና ጥገና የአከራዩ፣ የዕለት ተዕለቱ የተከራዩ ብሎ መለየት የተለመደ ነው። ቁልፍ ስትረከቡ የእያንዳንዱ መቀመጫ፣ መስኮትና ቧንቧ ሁኔታ በቃለ ጉባኤ ከፎቶ ጋር ይያዝ፤ ካለዚያ በ10ኛው ዓመት የቀድሞ ስንጥቅ ሁሉ የእናንተ ይሆናል።

የባለሀብቱ ገንዘብ የሚገባውም እዚህ ነው። የመልበሻ ክፍል ማደስ፣ መቀመጫ መትከል፣ መብራት ማስገባት ይችላል። በሰው ሕንፃ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ግን ውሉ መልስ ይስጥ፦ ውሉ ሲያበቃ የማሻሻያው ዋጋ ለማን ነው? ከኪራይ ይቀነሳል? ካልተቀነሰ ተገምቶ ይከፈላል? ወጪው በአስተዳደሩ መሐንዲስ ጸድቆ ከየዓመቱ ኪራይ እንዲቻቻል ማድረግ ለሁለቱም ወገን ያለ ክርክር የሚያልቅ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዘለልኩት ጥያቄ። ክለባችሁ በሕግ ማን ነው? ብዙ የክልል ክለቦች በከተማ አስተዳደሩ በጀት ይንቀሳቀሳሉ፤ ቦርዱን የሚሾመውም ከንቲባው ነው። እንደዚያ ከሆነ አስተዳደሩ ለራሱ እያከራየ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ውል ላይ የሚነሳው ክርክር በስብሰባ እንጂ በሕግ አያልቅም። የምዝገባ የምስክር ወረቀታችሁንና መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡ። ክለቡ በራሱ ስም ውል የመዋዋል፣ ንብረት የማፍራት፣ የመክሰስና የመከሰስ መብት አለው ይላል? ካላለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ አክሲዮን ማኅበር የሚለው አንዱ አማራጭ ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ በክለቦች የተቋቋመ አክሲዮን ማኅበር ነው። ባለሀብቱም ገንዘቡን በአክሲዮን ቢያስገባ የሁሉም ድርሻ ይታወቃል። በስጦታ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። በቃል «ለክለቤ ሰጠሁ» ያለ ደጋፊ ቦርድ ሲቀየር «አበደርኩ» ሲል ይሰማል።

የራሳችሁ የሆነ ነገር መኖሩን አልቃወምም። ከስታዲየም በፊት የልምምድ ሜዳ ይቅደም። ለአንድ ሜዳ መደበኛው ልክ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ከአንድ ሄክታር በታች። ታዳጊዎቻችሁ የሚያድጉበት፣ ሊጉ የትም ቢሄድ የማይቀማችሁ፣ ለካቢኔም በማኅበራዊ አገልግሎት ስም ለማቅረብ የሚቀል ጥያቄ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ከማንም በላይ ያነሳው የግብፁ ክለብ አል አህሊ ትልልቅ ጨዋታዎቹን የሚያደርገው በካይሮ ዓለም አቀፍ ስታዲየም ነው፤ ያ ደግሞ የክለቡ አይደለም። የታንዛኒያው ክለብ አዛም፣ ቻማዚ በሚባል ሰፈር የራሱን አነስተኛ ስታዲየም ሠራ። ከእሱ እጅግ የሚበልጥ ደጋፊ ያለው የዚያው አገር ክለብ ያንጋ ደግሞ አንዳንዴ እዚያ ሄዶ እየተጫወተ ሻምፒዮን ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ልታደርጉ የምትችሉት ይኸው ነው። ለአስተዳደሩ «በመርህ ተስማምተናል፣ የውል ረቂቁን ላኩልን» ብላችሁ በደብዳቤ መልሱ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ገቢ የተደረገበት ኮፒ በእጃችሁ ይቅር። ኪራዩን የሚወስነው የካቢኔ ቃለ ጉባኤና የስታዲየሙ የይዞታ ማረጋገጫ ኮፒም አብሮ እንዲመጣ ጠይቁ። ካርታው በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስም ይሁን በከተማው ወይም በክልሉ ስም አይታወቅም፤ የተሳሳተው ከፈረመ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ባለሀብቱ ለገበሬዎቹ ቀብድ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ሌላ ብር ሳይጨምር ዛሬውኑ ይንገሩት። የከፈለው በጽሑፍ ወይም በባንክ ካለ ማስመለስ ይቻላል፤ በጥሬው በደላላ እጅ ከሆነ ግን ምስክሮቹን ሳይበተኑ ይያዝ።